አየህ ወይስ ሰማህ?
ታሪክን ለልጆች በእማኝ ቃል ስለማስተማር

በቀድሞው የሙግት ሥርዐታችን ምስክር ሆኖ የቀረበ ሰው ከሚፈተንባቸው ጥያቄዎች ዋነኛው «አየህ ወይስ ሰማህ?» የሚለው ነበር። አየሁ ያለ እንደሆነ የት ቆመህ፣ መቼ፣ ከማን ጋር ሆነህ ይባላል። ሰማሁ ካለም ከማን ሰማህ፣ የነገረህስ ሰው ራሱ አይቶ ነው ወይስ እንዳንተው ሰምቶ እየተባለ ነገሩ እስከ ሥሩ ይቆፈራል። «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ሲሟገት የኖረው የጎጃም ገበሬ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ይህችን ጥያቄ ከዳኛው እኩል ያውቃታል።

ይህ ጥያቄ የማይቀርብለት አንድ ምስክር ቢኖር በየትምህርት ቤቱ የሚነበበው የታሪክ መጽሐፍ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገባ ይላል፤ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ ይላል። ልጁ ይህንኑ ይሸመድዳል፣ በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሳል፣ ያልፋል። ለመሆኑ ማን አይቶ ጻፈው? የጻፈውስ በዚያው ሰሞን ነው ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ? ካሸነፈው ወገን ነው ወይስ ከተሸነፈው? እኔ ባገላበጥኳቸው የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያገኘሁት እምብዛም ነው።

እኔ ራሴ ይህን ጥያቄ በወጉ የተማርኩት ከሃያ ዓመቴ በኋላ፣ ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስማር ነው። መምህራችን ጽፈን ያቀረብነውን ዜና ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ ከዐረፍተ ነገሩ ጎን «ማን አለ?» እያሉ ይጽፉበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የማይከብድ ትምህርት እስከዚያ ዕድሜ ድረስ መዘግየቱ ነው።

የታሪክ ሰዎች «የመጀመሪያ ምንጭ» የሚሉት ስሙ ይክበድ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። በዘመኑ የነበረ ሰው የተወው ደብዳቤ፣ ማስታወሻ፣ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል ወይም የአንደበት ቃል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም አጭር ነው። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከእንዲህ ያለው የእማኝ ቃል የተሰናዱ ትንንሽ የታሪክ መጻሕፍት ያስፈልጉናል፤ ለዚህም የሚሆን ሀብት ሞልቶናል። ማስረጃዬን ከአንድ አካባቢ፣ ከምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ዙሪያ ላቅርብ።

መጽሐፉ ተናጋሪ፣ ልጁ አድማጭ

ከነጻነት በኋላ የነበረው ተማሪ የአገሩን ታሪክ በአማርኛ በቅደም ተከተል ያገኘው በአብዛኛው ከተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት ነው። ታሪኩ በነገሥታቱ ዘመን ተከፋፍሎ የቀረበ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የመደብ ትግል ሚዛን ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ለክልሎች ሲሰጥ፣ ታሪክ ለብቻው መቆሙ ቀርቶ ከጂኦግራፊና ከመሳሰሉት ጋር በኅብረተሰብ ሳይንስ ውስጥ ገባ፤ የብሔር ብሔረሰቦች ጉዳይም ዋናውን ስፍራ ያዘ።

እንግዲህ በነዚህ ሁሉ ለውጦች ውስጥ የተለወጠው ፍርዱ ነው። ትናንት ጀግና የተባለው ዛሬ ጨቋኝ፣ ትናንት ሽፍታ የተባለው ዛሬ ታጋይ ይባላል። የማስተማሪያው ዘዴ ግን አልተለወጠም፤ መጽሐፉ ይናገራል፣ ልጁ ያዳምጣል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፍ የሚለወጥበት አገር ልጅ ደግሞ ሲያድግ ከሁለት አንዱን ይሆናል። አንድም የተነገረውን ሁሉ የሚያምን፣ አንድም ምንም የማያምን። ሁለቱም ለወሬኛ የተመቹ ናቸው።

ታሪክ እንጀራ በነበረበት ጊዜ

በእማኝ ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ደጋ ዳሞት ልመልሰው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ተቀምጦ የርስትን ሥርዐት አጥንቶ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚህ ጥናትም ሆነ ከሽማግሌዎች አፍ እንደምንረዳው፣ በጎጃም ርስት ለመጠየቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ አገሩን ካቀናው ዋና አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ በአባቱ ወይም በእናቱ በኩል ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። ቁጥሩ ላይ አንድ ስም ቢያሳስት ወይም ሽማግሌዎች ባያምኑለት መሬቱ ይቀርበታል። ተከራካሪውም ዝም አይልም። «እሷ ልጅ ሳትወልድ ነው የሞተችው፣ አንተ ከወዴት መጣህ?» ብሎ ሊነሣበት ይችላል።

ስለዚህ ለዳሞት ገበሬ ታሪክ ጨዋታ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር። አጎቱ የሚነግረውን ትውልድ የሚያጠና ልጅም ማን እንደነገረው፣ የነገረው ሰው በጉዳዩ ጥቅም ይኑረው አይኑረው መመርመርን አብሮ ይለምዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የዚያ ሙግት ዘመን አበቃ። ስንት ጥማድ በሬ ለዳኝነትና ለስንቅ የተሸጠበት ነገር ስለሆነ ማብቃቱ አያስለቅስም። አብሮት የሄደውን የመጠየቅ ልማድ የሚተካ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ አላቀረበም።

ሁለት እንግዶች በአንድ ምንጭ

በሰከላ ወረዳ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ ከተሰናዳ ትምህርት ሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን ያየው በ1618 እ.ኤ.አ. ነው። ያየውንም እስከ ሞተበት እስከ 1622 ሲጽፈው በቆየው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. እዚያው ደረሰ። በደስታ ብዛት የምንጩን ውኃ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ጤንነት ጠጣ። መጽሐፉን ያሳተመው ግን በ1790 ነው፤ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በመጽሐፉም ከአውሮፓውያን ቀድሞ የደረሰ እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ፓኤዝ እግሩ እዚያ እንዳልረገጠ ተከራከረ።

ይህን ለልጆች ስጧቸው። የሁለቱን ሰዎች ገለጻ፣ ከእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ተርጉማችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ ጠይቁ። ከሁለቱ ወዲያው የጻፈው የትኛው ነው? ብሩስ ፓኤዝን ሐሰተኛ ቢለው ምን ይጠቀማል? ከብሩስ ጋር እስከ ምንጩ የሄደው ሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበር፤ ብሩስ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ አቅርቦታል። ሰውየው የሞተው ከጉዞው ተመልሰው ጎንደር ከገቡ በኋላ ነው። በአንድ ነገር ያልታመነን ምስክር በሌላው እንዴት እንመነው? ይህን ለማሰብ ዲግሪ አያስፈልግም። ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ስለጠፋ በግ የተጨቃጨቀ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ይቀራል፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለቱ እንግዶች «ማን ቀድሞ አየው?» ብለው ሲከራከሩ ምንጩ ዳር የሚኖረው ሰው ምን ይል ነበር? ብሩስ ራሱ የአካባቢው አገው ሕዝብ ለምንጩ የነበረውን ክብርና የሚያቀርበውን መሥዋዕት ጽፏል። የግሽ ልጅ ከሁለቱም በፊት የሰማው ደግሞ የአቡነ ዘርዓ ብሩክንና ለምንጩ አደራ የሰጧቸውን መጻሕፍት ታሪክ ነው። ገድልም ምንጭ ነው፤ የዘመኑ ሰው ምን እንዳመነና ምንን እንዳከበረ ይነግረናል። የእያንዳንዱን ምስክር ዐይነት መለየት ነው እንጂ አንዱን በሌላው ማባረር ትምህርት አይሆንም።

የቡሬ ምሽግ

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው የጣልያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ያሳደደው በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች የተውጣጣው፣ ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላው የጌዴዎን ጦር ነው። ሸሺው ጦር ደምበጫ አጠገብ ከፊቱ ቀድሞ የነበረውን የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጥሶ ሲያልፍ ብዙ ሰው ወድቋል። ቡሬ ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጠው ወገን ለምን ምሽጉን ለቆ ሄደ?

መልሱ እንደ ምስክሩ ይለያያል። ከጦሩ የጓዝ ግመሎች ጋር የተጓዘው አለን የተባለ እንግሊዛዊ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዘመቻውን በአንድ መልክ ይተርካል። በዚያው ዘመቻ የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሕይወት ታሪኩ በሌላ መልክ ያስታውሰዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው ከገቡ በኋላ የሆነውን በራሳቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግሊዞቹ ሲጽፉ የዊንጌት ብልሃትና ማስመሰል ይጎላል። የአርበኛው ልጆች ሲናገሩ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ ያደረገው ማን ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ይህም እውነት አለው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ከመሻገሩ በፊት ጀምረው ሲዋጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሳንድፎርድ ሁለቱን አርበኞች ለማስማማት መድከሙም ታውቋል። ይህም ለልጅ የሚሰወር ነገር አይደለም። አርበኛም ሰው ነው፤ ይጣላል፣ ይታረቃል።

የፍኖተ ሰላም ልጅ ይህን ሲያነብ መጽሐፉን ዘግቶ በመስኮት ቢመለከት መንገዱን ያየዋል። ከቡሬ ወደ ደምበጫ የሚወስደው መንገድ በማንኩሳ፣ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ በኩል ነው የሚያልፈው። የከተማዋ ስም ራሱ የሚመረመር ነገር ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ «የሰላም መንገድ» የሚለውን የግዕዝ ስም ያወጡለት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል። መቼ? በምን ምክንያት? ለሦስት ሽማግሌዎች ብትጠይቁ ሦስት መልስ ብታገኙ አይግረማችሁ። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አላውቅም። ሦስቱንም መልስ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «አይቼ ነው» ወይም «ሰምቼ ነው» የሚለውን ያስፍር።

ሠዓሊው ታሪክ ጸሐፊ

ጎጃም የራሱ ታሪክ ጸሐፊም አለው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከዓባይ ማዶ የተወለዱ ኦሮሞ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ጎጃም መጥተው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት አድገው፣ ተምረው፣ ሠዓሊና ጸሐፊ ሆኑ። የጎጃምን ትውልድና ታሪክ ሰብስበው ጽፈው በ1928 ዓ.ም. አካባቢ አረፉ። ሥራቸው ለረጅም ዘመን በእጅ ጽሑፍ ሲዘዋወር ኖሮ በኋላ ታትሟል፤ ግርማ ጌታሁን ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትርጉምም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

የእኚህ ሰው ሕይወት ብቻውን ለልጆች አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። በአንድ ወገን ተወልዶ በሌላው ወገን ያደገ ሰው የሁለቱን ወገኖች ጦርነት ሲጽፍ በማን ዐይን ያያል? ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት የጻፉት አይተው ነው። ስለ ጥንቱ ዘመን የጻፉት ግን ከሽማግሌ ሰምተው ነው። አንዱ ደራሲ በአንዱ ምዕራፍ የዓይን ምስክር፣ በሌላው የጆሮ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ልጁ ከዚህ ይማራል። ዛሬ ግን መጽሐፉ በተመራማሪዎች መደርደሪያ ላይ እንጂ በተማሪ እጅ የለም። የአለቃ አማርኛ ለልጅ ስለሚከብድ አጠር ያሉ ክፍሎችን መርጦ ከባዱን ቃል ከግርጌ የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል።

በሳጥን ያለው ወረቀት

ሁሉም ነገር ከመጽሐፍ አይገኝም። በገጠሩ ብዙ ቤት ውስጥ የእንጨት ሳጥን ወይም አሮጌ ቦርሳ አለ። ውስጡ በንጉሡ ዘመን የተከፈለ የግብር ደረሰኝ፣ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት፣ ወታደር ሆኖ ከሄደ ልጅ የመጣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ፣ ከቅርቡ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተር ይገኛል። አንዲት የግብር ደረሰኝ ብቻ ስንት ነገር ትናገራለች! ከፋዩ ማን ነበር? ስንት ብር? ማኅተሙ የማን ነው? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ዳሞትን ጨምሮ የጎጃም ገበሬ ለምን እንዳመፀ መማር የሚጀምረው ከእንዲህ ያለች ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ አዋጁ፣ የገበሬው አቤቱታ፣ የሹማምንቱም መልስ በየተራ ይቀርባል።

ሌላው ዓለም ይህን ካወቀው ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ጃክዶ» የተባሉ ማኅደሮች ለትምህርት ቤት ታትመዋል። በአንዱ ማኅደር ውስጥ የአንድ ታሪካዊ ድርጊት ደብዳቤዎች፣ ካርታዎችና ጋዜጦች ቅጂያቸው ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ልጁም እንደ ዳኛ አንድ በአንድ እያወጣ ይመረምራል። የእኛው እንደዚያ ማማር የለበትም። ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ በጥቁርና ነጭ የታተመ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ገጽ አንድ እማኝና አምስት ጥያቄ የያዘ ቡክሌት ይበቃል።

መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች

ልጆች ናቸው፣ አይገባቸውም የሚል አለ። ከላይ እንዳልኩት እረኛው ዱካ አይቶ የጠፋችዋን ጥጃ ይፈልጋል። ምንጭ መመርመር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ምስክሮቹ ስለሚጋጩ ልጁ ይደናገራል የሚልም አለ። መደናገሩ ለአንድ ሳምንት ነው። አለመደናገርን የተማረ ግን ዕድሜውን ሙሉ ማንም ያታልለዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የድሮ ጽሑፎች ስለ ሌላው ብሔረሰብና ሃይማኖት የሚያዋርዱ ቃላት አሉባቸው፤ የውጭ አገር ሰዎችም ስለ እኛ የጻፉት ከዚህ አይሻልም። እውነት ነው። ስለዚህ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሚሰጠው ክፍል በጥንቃቄ ይመረጥ። ምርጫ ግን መፋቅ አይደለም። ከምስክሩ ቃል ላይ ቃል መቀየር ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነውና፣ የተቆረጠው መቆረጡ ይነገር።

አራተኛው የመምህሩ ጉዳይ ነው። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ የሚያስተምር ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጫን ይከብዳል። ለዚህም ነው ፎቶኮፒ እያደረገ ራሱ ያዘጋጅ ማለት ትቼ ተዘጋጅቶ የታተመ መጽሐፍ የምለው።

ጊዜው እየመሸ ነው

በ1933 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን ተሻግሯል። የቡሬን ምሽግ ጭስ በዓይኑ ያየ እማኝ ለማግኘት ከአሁን በኋላ በሳምንታት እንጂ በዓመታት አይቆጠርም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። የ1960ውን የገበሬ ዐመፅ፣ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ የሚያስታውሱት ግን ገና በየቀበሌው አሉ። የልጅ ልጃቸው ደብተር ይዞ ቢጠይቃቸው የማይናገሩ አይደሉም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ፍኖተ ሰላምም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በደረሰባት የአየር ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቶባታል። ነገ ይህን ዘመን የሚተርክ የመማሪያ መጽሐፍ መጻፉ አይቀርም፤ እንደ ልማዱም ፍርዱ የሚጻፈው ያን ጊዜ ወንበሩን በያዘው ወገን ይሆናል። ዛሬ በነዚህ ከተሞች ያለው ልጅ ግን አይቷል። አሁን ተነሥተህ መስክር ብሎ ልጅን ማስጨነቅ ነውርም አደጋም ነው፤ አስተማሪም ሆነ ጋዜጠኛ ይህን ሊያደርግ አይገባውም። ሊደረግ የሚገባው ነገር ለዚያ ቀን ማዘጋጀት ነው። የሁለት መቶና የአራት መቶ ዓመት ምስክሮችን እየመረመረ ያደገ ልጅ የራሱ ተራ ሲደርስ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። የጎረቤቱን ልጅ ምስክርነትም ከራሱ ስለተለየ ብቻ ሐሰት አይለውም።

እስከዚያው መጽሐፉ እስኪታተም መጠበቅ የለብንም። ልጅ ያለው አባትና እናት አንድ ደብተር ይግዙ፤ ልጁም ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአያቱን ስም፣ የተወለዱበትን ስፍራና ዘመን፣ የጠየቀበትንም ቀን ይጻፍ። ከዚያ በታች ያሉትን ሁሉ እንዳሉት ያስፍር። በእያንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ግን በአክብሮት አንድ ጥያቄ ያስከትል፤ «ይህን አይተውት ነው ወይስ ሰምተውት?»